የአዋቂዎች ጌም ከፍለጋ ሲጠፋና ገንዘቡ ሲታገድ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ብቻ የሚቀርብ ጌም በግላቸው ወይም በትንሽ ቡድን ሠርተው በኢንተርኔት ለሚያሰራጩ ሰዎች ነው። ገጹ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚል ምልክት እንደተደረገበት፣ የግብር ቅጹ እንደተሞላ፣ ማንነትዎ እንደተረጋገጠ፣ በጌሙ ውስጥ ያሉት ገጸ ባሕርያትም በሙሉ አዋቂዎች እንደሆኑ ታሳቢ አድርጌያለሁ። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ድርድር የለም። የገጸ ባሕርይን ዕድሜ የሚያደበዝዝ ሥዕል ወይም አጻጻፍ ያለበት ሥራ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው፤ እዚህም መፍትሄ አይፈለግለትም።

ጌም ሠሪዎች «መድረኩ (ጌሙ የሚቀመጥበትና የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ከለከለኝ» ብለው የሚያመጧቸው ችግሮች አብዛኞቹ ምንጫቸው መድረኩ ሳይሆን ከመድረኩ ጀርባ ያለው የክፍያ መስመር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ ችግሩን አይፈታም፤ ጌሙን የሚያስቀምጥለትና ገንዘቡን የሚሰበስብለት አገልግሎት አንድ ከሆነም አንዱ ሲዘጋ ሁለቱም አብረው ይዘጋሉ።

ምልክት፦ ገጹ ይከፈታል፣ በፍለጋ ግን አይገኝም

ከአካውንትዎ ወጥተው ገጹን በቀጥታ አድራሻው ይክፈቱት። የማይከፈት ከሆነ ታግዷል፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገሩ። የሚከፈት ከሆነ ፋይሉ በቦታው አለ፣ የወጣው ከዝርዝር ብቻ ነው። አዲስ ገጽ ከሆነ ግምገማ እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ቀናት ይታገሡ፤ በየሰዓቱ እየሰረዙ እንደገና መክፈት ወረፋውን ያራዝማል እንጂ አያሳጥርም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተሰወረው ከተመልካቹ ብቻ ነው፤ ብዙ መድረኮች የአዋቂዎችን ይዘት የሚያሳዩት በራሱ ቅንብር ላይ ለፈቀደ ተጠቃሚ ነውና።

ገጹ ቆየት ያለ ሆኖ በድንገት ከጠፋ ምክንያቱ ከላይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ኢች (itch.io) የተባለው የጌም ማሰራጫ መድረክ የአዋቂዎች ጌሞችን በሙሉ ከፍለጋና ከዝርዝር አውጥቶ ነበር። አንድ የዘመቻ ቡድን ለክፍያ ድርጅቶች ባቀረበው አቤቱታ የተነሣ ክፍያ አስተላላፊዎቹ ይዘቱን መመርመር ጀምረው ስለነበር፣ መድረኩ ለሠሪዎቹ ቀድሞ ሳያሳውቅ ነው የወሰነው። ከቀናት በኋላ ተመልሰው በፍለጋ መታየት የጀመሩት በነጻ የሚታደሉት ናቸው። በዚህ ሁኔታ መፍትሄው ገጹን ማሻሻል ሳይሆን ተጫዋቾችዎ ያለ ፍለጋ የሚያገኙት አድራሻ መኖሩ ነው፦ የራስዎ ዶሜይን፣ በእሱ ላይ አንድ ቀላል ገጽ፣ በገጹም ላይ ወደ ጌሙ የሚወስድ ሊንክ። የጌሙን ፋይል ማስቀመጫ ሲቀይሩ የሚለወጠው ሊንኩ ብቻ ይሆናል፤ ተጫዋቹ የሚያውቀው አድራሻ ግን ባለበት ይቆያል።

ምልክት፦ የድጋፍ ገጹ ታግዷል፣ ወይም ገንዘቡ አይወጣም

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

የገዢው ገንዘብ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባለ የካርድ ኔትወርክ፣ በነጋዴው ባንክ፣ በክፍያ አስተላላፊውና በመድረኩ በኩል ያልፋል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የሚሠራው ደግሞ ከሁሉም ጥብቅ የሆነው ነው። ማስተርካርድ ስሙን የሚያጎድፍ ግብይት እንዳይካሄድ የሚከለክል ደንብ አለው። የጌም መሸጫ መድረኩ ስቲም በ2025 ከክፍያ አስተላላፊዎች፣ ከካርድ ኔትወርኮችና ከባንኮች ደንብ ጋር የሚጋጭ ይዘት እንደማይቀበል በመመሪያው ላይ ጨምሮ ብዙ ጌሞችን ሲያነሣ፣ ማስተርካርድ ምንም ዓይነት ጌም እንዳልገመገመ አስታወቀ፤ የስቲም ባለቤት ቫልቭ በበኩሉ ቃሉ የደረሰው በአስተላላፊዎችና በባንኮች በኩል እንደሆነ ገለጸ። ጌም ሠሪው ዘንድ የሚደርሰው የዚህ ሁሉ መጨረሻ ሲሆን፣ እሱም አንድ የአንቀጽ ቁጥር የተጠቀሰበት አጭር ኢሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን ደጋግሞ በማንበብ ምክንያቱን ለማግኘት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ገጹን ራሱን መመርመር ይሻላል።

ምርመራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

መጀመሪያ፣ ገንዘቡ የሚመጣበት አካውንት የአዋቂዎችን ይዘት በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ። ክፍያ አስተላላፊው ስትራይፕ ወሲብን በግልጽ የሚያሳይ ይዘት አይፈቅድም፤ ፔይፓልም ጥብቅ ገደብ አለው፤ አካውንት ሲገድብ ገንዘቡን እስከ 180 ቀናት ሊይዝ እንደሚችል በውሉ ላይ ጽፏል። ጋምሮድ የተባለው የዲጂታል ሥራዎች መሸጫ በማርች 2024 አብዛኛውን የአዋቂዎች ይዘት ሲያግድ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። «ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ እጅግ ያሳዝነኛል። ያልተነካው ገና ስላልታየ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ጉዳይ በቅርብ አይቻለሁ። ጌም ሠሪው ድጋፍ የሚሰበስበው በግል የክፍያ አካውንቱ ሲሆን፣ በገጹ ላይ ስለ ጌሙ ይዘት አንድም ቃል አልጻፈም ነበር። ያጋለጡት ደጋፊዎቹ ናቸው። ገንዘብ ሲልኩ በማስታወሻው ሣጥን ውስጥ የትኛውን ገጸ ባሕርይ በየትኛው ትዕይንት ማየት እንደሚፈልጉ በግልጽ ቃል ይጽፉ ነበር። አንድ ገምጋሚ ያንን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ካነበበ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አካውንቱ ተዘጋ፣ የወራት ድጋፍም በውስጡ ተያዘ።

እዚህ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ በጓደኛ ስም ሌላ አካውንት ይከፍታል፣ ወይም ጌሙን «የዲዛይን አገልግሎት» ብሎ ይሸጣል። ይህን በፍጹም አያድርጉ። የሚሸጡትን ነገር በሌላ ስም ማስከፈል በክፍያ ዓለም እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ነጋዴው ማስተርካርድ በሚያስተዳድረውና ማች ተብሎ በሚጠራው የታገዱ ነጋዴዎች መዝገብ ላይ ከሰፈረ ስሙ እዚያ ለ5 ዓመት ይቆያል፤ በእነዚያ ዓመታት ካርድ የሚቀበልለት ባንክ ማግኘት እጅግ ይቸግረዋል። ስሙን ያዋሰው ጓደኛም የሚወድቀው እዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ክፍል ሁሉ ይፈትሹ። ወርሃዊ ድጋፍ የሚሰበሰብበት ፓትሪዮን የአዋቂዎችን ይዘት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከፍሎ ያልገባ ሰው የሚያየው ሁሉ፣ ማለትም የገጹ ሥዕል፣ የድጋፍ ደረጃዎቹ ምስልና ክፍት ጽሑፎች፣ ለማንኛውም ተመልካች የሚሆን መሆን አለበት። እርቃንን በጥቁር ሣጥን መሸፈን ብዙ ጊዜ አያድንም፤ የገጸ ባሕርይዋ አቋምና የሥዕሉ ርእስ ራሱ ይናገራልና።

ሦስተኛ፣ ሊንኮችን ይከተሉ። በእኔ ልምድ ከሁሉ በላይ ሰውን የሚጥለው ይህ ነው። አንዲት ሠዓሊ ገጿ ታግዶባት ከላይ እስከ ታች አብረን ፈተሽነው፤ ሥዕሎቹ ንጹሕ፣ ጽሑፉም ንጹሕ ነበር። ወደ ኋላ ስንሄድ ከዓመታት በፊት የወጣና ሁሉም የረሳው አንድ የምስጋና ጽሑፍ አገኘን። ከሥሩ አንድ ደጋፊ የሠራውን ተጨማሪ ፋይል የሚያወርድ ሊንክ ተለጥፎ ነበር። ፋይሉ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፦ በጌሙ ውስጥ «አከራይ» እና «ተከራይ» የተባሉትን ሰዎች ወደ ቅርብ ዘመዳሞች ይለውጣቸዋል። መድረኩ በዘመዳሞች መካከል የሚደረግ ወሲብን ይከለክላል፤ ጌሙ በራሱ ደንቡን ባይጥስም ሊንኩ ጥሷል። እንዲህ ዓይነት ተጨማሪ ፋይሎችን በገጽዎ ላይ፣ በምስጋናው ውስጥ፣ በአስተያየት መስጫው ሥር ወይም በጌሙ የመክፈቻ ገጽ ላይ አይጥቀሱ። ተጫዋቾችም ቢለጥፉት በዕለቱ ያንሡት። የሌላ ሰው ሥራ ነው ማለት አያድንም፤ ገጹ የእርስዎ ነው።

ምክንያቱ ሲገኝ ያስተካክሉና ለመድረኩ ይጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ የተነሣው ምን እንደሆነ፣ የት እንደነበረና አሁን ገጹ ምን እንደሚመስል ብቻ ይግለጹ። ስለ ሐሳብ ነጻነት የሚያትት ረጅም ጽሑፍ መላክ ፍትሐዊ ቢሆንም፣ የሚያነበው ሰው ደንቡን የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ ሊያደርግ የሚችለው የተጠቀሰው አንቀጽ መሟላቱን ማየት ነው። ቁጣ ያለበት ደብዳቤ ሲያዘገይ እንጂ ሲያፋጥን አላየሁም።

ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ እንደገና ሲያደራጁ ቢያንስ ሁለት የማይተሳሰሩ መስመሮች ይኑርዎ። ለወርሃዊ ድጋፍ ከፓትሪዮን ጎን ሰብስክራይብስታር ለአዋቂዎች ይዘት የለየው የተለየ አድራሻ አለው። ለሽያጭ ኢችና ስቲም አሉ። የጃፓን ዓይነት ሥዕል ለሚሠሩ ዲኤልሳይት ሰፊ ገበያ ነው፤ እሱም ቢሆን በ2024 የቪዛና የማስተርካርድ ክፍያ መቀበል አቁሞ እንደነበር መርሳት አይገባም። በራስዎ ድረ ገጽ ለመሸጥ ሲሲቢል፣ ሴግፔይ፣ ኢፖክና ቬሮቴል ለአዋቂዎች ይዘት የተቋቋሙ ወይም ይዘቱን አውቀው የሚቀበሉ አስተላላፊዎች ናቸው። ክፍያቸው ከተራ አስተላላፊ ይበልጣል፣ የካርድ ኔትወርኮቹ ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያም ይጨመርበታል። ስለዚህ የማይዋዥቅ ገቢ ሳይኖር በዚህ መጀመር አይመከርም። ለአዲስ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ኪክስታርተር ግን የወሲብ ይዘትን ስለሚከለክል ለግልጽ የወሲብ ጌም አይታሰብ።

ገንዘቡን ማውጣት በተፈቀደ ቁጥር ያውጡ። በመድረኩ ውስጥ የተከማቸ ገንዘብ እጅዎ እስኪገባ ድረስ የእርስዎ አይደለም። የደጋፊዎችዎን የኢሜይል ዝርዝርም መድረኩ በሚፈቅደው መንገድና በእነርሱ ፈቃድ በየወሩ አውጥተው ያስቀምጡ። ገጹ ከታገደ በኋላ ዝርዝሩን መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ዝርዝሩ የሚወጣበት በርም ጭምር ነውና። ብዙ የኢሜይል ማሰራጫ አገልግሎቶች ግልጽ የወሲብ ይዘት ስለሚከለክሉ በኢሜይሉ ውስጥ ሥዕል አይላኩ፤ አዲሱን አድራሻና የወጣውን ምዕራፍ መጥቀስ ይበቃል።

ምልክት፦ ስቲም ጌሙን መለሰው

ለእያንዳንዱ ጌም የሚከፈለው 100 ዶላር ጌሙ 1,000 ዶላር ሲያስገባ የሚመለስ ቢሆንም፣ ጌሙ ውድቅ ከተደረገ የሚመለስ ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ ሳይዘጋጁ አይላኩ። የተለመደው ምክንያት በይዘት መጠይቁ ላይ የተጻፈውና ገምጋሚው በጌሙ ውስጥ ያየው አለመመሳሰሉ ነው። ግልጽ ትዕይንቱ በኋላ በሚጨመር ፋይል ይመጣል ብሎ መደበቅ ሌላው ነው። ጌሙ በሚጫወቱበት ሰዓት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጠር የወሲብ ይዘት ከነጭራሹ አይፈቀድም። የእውነተኛ ሰዎች ወሲባዊ ምስልም እንዲሁ።

ምልክት፦ ከአንድ አገር የሚመጣው ተጫዋች በድንገት ቀነሰ

ሕግ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። በብሪታንያ ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ የወሲብ ይዘት የሚያቀርቡ አገልግሎቶች የተጠቃሚውን ዕድሜ በአስተማማኝ መንገድ ማረጋገጥ አለባቸው። በአሜሪካም የቴክሳስ ተመሳሳይ ሕግ በዚያው ዓመት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸንቷል። ስቲም ደግሞ «ለአዋቂዎች ብቻ» የተባሉ የወሲብ ጌሞችን በጀርመን አያሳይም። በራስዎ ድረ ገጽ የሚሸጡ ከሆነ «ከ18 ዓመት በላይ ነኝ» የሚል አንድ ቁልፍ በእነዚህ ቦታዎች አይበቃም።

ምልክት፦ ገዢዎች በባንካቸው በኩል ገንዘባቸውን እያስመለሱ ነው

ብዙውን ጊዜ ገዢው በባንክ ዝርዝሩ ላይ የማያውቀውን የድርጅት ስም አይቶ ነው። በክፍያ ገጹ ላይ «በዝርዝርዎ የሚታየው ስም ይህ ነው» ብለው ይጻፉ። ችላ ሊባል አይገባም፤ ተመላሽ የበዛበትን ነጋዴ አስተላላፊው ያሰናብተዋል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በኢች ላይ በብራውዘር የሚከፈተው ጌም እምቢ ካለ ዚፑ ሲፈታ ከ500 ሜጋባይት ወይም ከ1,000 ፋይል እንዳይበልጥ ያረጋግጡ፤ ሬንፓይ በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም የተሠሩ ሥዕል የበዛባቸው ጌሞች ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋሉ።

የማውረጃ ሊንኩ በየሳምንቱ የሚሞት ከሆነ ነጻ የፋይል ማጋሪያ እየተጠቀሙ ነው፤ ያንን ትተው የአዋቂዎችን ይዘት በውሉ ላይ የሚፈቅድ ሰርቨር ይከራዩ፣ ውሉንም ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ።

ጉግል ፕሌይና አፕ ስቶር የወሲብ ጌም አይቀበሉም፤ በአንድሮይድ የመጫኛ ፋይሉን (ኤፒኬውን) በቀጥታ ማደል ነው። አዲሱ ምዕራፍ በአሮጌው ላይ አልጫን ካለ የተፈረመበት ቁልፍ ተለውጧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ ከጠፋ ተጫዋቹ አሮጌውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ከመጫን ሌላ አማራጭ የለውም፣ በስልኩ ላይ የተቀመጠው የጨዋታ ሂደቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የቁልፉን ፋይል ከጌሙ ምንጭ ጋር ሳይሆን በሌላ ዲስክ ላይ ለብቻው ያኑሩት።