የመጀመሪያውን ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል አውሮፕላን ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ድርብ ክንፍ ነበረው። እሱን ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ ላቁም ለሚል ሰው ጉጉቱ ይገባኛል። ለእጅ ማፍታቻ ግን ሶፕዊዝ ካሜልን እመክራለሁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ ነው። ኪቱን፣ ማለትም ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ክፍሎቹን የያዘውን ሳጥን፣ ኤርፊክስና ኤድዋርድን ጨምሮ ብዙ ኩባንያዎች ሠርተውታል።

ትንሹ ይቀላል ብሎ መግዛት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በ1/72 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ሲያንስ፣ የካሜል ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ የላይኛውን ክንፍ የሚደግፉት ምሰሶዎችም እንደ ስንጥር ቀጭን ናቸው። በ1/48 ግን ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይኼኛው ለጀማሪ እጅ ይመቻል።

ብዙ ሞዴል የሚያበላሸው ግን ሁሉንም ገጣጥሞ ከዚያ መቀባት ነው። ባለ ነጠላ ክንፍ ላይ ያስኬዳል። እዚህ ሁለቱ ክንፎች ከተጋጠሙ ብሩሽ መሃላቸው እንደ ልብ አይገባም። ስለዚህ የታችኛውን ክንፍ ከአካሉ ጋር ያጣብቁ። የላይኛውን ክንፍ፣ ምሰሶዎቹን፣ ጎማዎቹንና ፕሮፔለሩን ለየብቻ ይቀቡ። በውሃ የሚለጠፉትን ምልክቶችም ያኔውኑ ይጨርሱ። ከመገጣጠምዎ በፊት የምሰሶዎቹን ጫፍና መግቢያ ቀዳዳቸውን በምላጭ ፍቀው ከቀለም ያጽዱ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚይዘው ፕላስቲኩን አሟምቶ ነው፤ ቀለም ላይ አይሠራም።

በክንፎቹ መካከል የሚወጠሩትን ሽቦዎች መጨረሻ ላይ ማስታወስም ያው የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ቀዳዳዎቹን ቀለም ከመንካትዎ በፊት በ0.3 ወይም በ0.4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ። ለሽቦዎቹ የልብስ ስፌት ክር አይጠቀሙ፤ ፀጉር ያወጣል። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሻላል፤ የብረት ግራጫ ይቀቡት። በጣም ከወጠሩት ክንፉ ይጣመማል።

የላይኛውን ክንፍ በአንድ ጊዜ በሁሉም ምሰሶዎች ላይ ለማስቀመጥ መሞከር ትዕግሥት ያስጨርሳል። መጀመሪያ በአካሉ ላይ ያሉትን አጫጭር ምሰሶዎች ያቁሙና በደንብ ይድረቁ። አካሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ከካርቶን ቆርጠው ይሥሩ። ከዚያ ክንፉን ያስቀምጡና ከፊትም ከላይም ይዩት። የካሜል የታችኛው ክንፍ ወደ ጫፎቹ ከፍ ይላል፣ የላይኛው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ተጣሟል ብለው አያቃኑት፤ አሠራሩ ነው።

ክፍሎቹን ከፍሬማቸው በእጅ ጠምዝዞ መገንጠል ምሰሶ ይሰብራል። በስል መቁረጫ ትንሽ ትርፍ ትተው ይቁረጡ፣ ትርፉን በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። ሁሉንም በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብም አይርሱ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለበት ቀለም አይይዝም።

ቀለሙን በአንድ ጊዜ አወፍራለሁ አይበሉ። ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋ ቀለም) ከነፉ በኋላ ሁለት ሦስት ስስ ሽፋን ይበቃል፤ በመካከሉ ይድረቅ። ቲነር ሲጠቀሙ መስኮት ይክፈቱ።

ምልክቶቹን ደብዛዛ ቀለም ላይ መለጠፍ ሌላው ጣጣ ነው። ከሥራቸው አየር ይቀርና ያብረቀርቃሉ። መጀመሪያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀቡ፣ ምልክቱ ከደረቀ በኋላ በደብዛዛ ቫርኒሽ ይሸፍኑት።

ያረጀ ለማስመሰል ክንፉ ላይ የብር ቀለም መርጨት ደግሞ ያሳዝነኛል። የካሜል ክንፍ በእንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ ቀለሙ ቢላጥ ብረት አይወጣም። የብር ጭረት የሚያምርበት የሞተሩ መሸፈኛና ከጀርባው ያሉት የብረት ገጾች ላይ ብቻ ነው። እርጅና ማሳየት ከፈለጉ ዘይቱን ያስቡ። ሞተሩ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ነበር፣ የሚለሰልሰውም በጉሎ ዘይት ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ሥር እየተረጨ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀለም ከሞተሩ መሸፈኛ ሥር ጀምረው በሆዱ ላይ ወደ ጅራቱ ይሳቡ፤ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ይጥፋ።