ልጃችሁ «በባህር ልሂድ» ሲላችሁ ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ የዱቄትና የዘይት ጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የሰፈር ሰው ይህን ያውቃል። ልጁ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ ሲነሳ ደብተር ይዞ ገንደ ቆሬ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ ቡና እየጠጣን እንሠራዋለን።

መሄድን አልኮንንም። ድሬ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ከአረብ ሀገር በተላከ ብር ጣራው የተለወጠ፣ ልጆቹ የተማሩበት ቤት በየመንደሩ አለ። ግን ሰው ሒሳቡን ግማሹን ብቻ ሠርቶ ይነሳል። የሚቀረው ግማሽ ደግሞ ያለ ወረቀት መኖር ራሱ የሚያስከፍለው ነው።

ደብተሩን ክፈቱና ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የሚወጣው፣ በቀኝ የሚገባው ይጻፍ። ከግራው ጀምሩ።

እኛ ቤት ሲሠራ ግራው ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የደላላ፣ 15,000 ብር። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሐምሌ 2010 ላይ በድንበር ከተማዋ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ገባ። ከዚያ የባሕር ዳርቻዋ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የባብ ኤል መንደብን ጠባብ ባሕር ተሻግሮ የመን። ደላላው «የመን ከገባ አለቀ» ብሎን ነበር። እኛም አመንን።

የመን ከገባ በኋላ ነው የተጀመረው። ሌሊት ስልክ ተደወለ። ወንድሜ እያለቀሰ «ብር ላኩ» አለ። ከኋላው የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል። 45,000 ብር ጠየቁ። ዕቁብ የወጣልኝንና ከጎረቤት የተበደርኩትን ብደምረው 17,000 ብቻ ሆነ። የቀረው የእማዬ ወርቅ ነበር። ሦስት አምባር። ሁለቱ ወዲያው ወለቁ። ሦስተኛው እምቢ ብሎ በሳሙና ነው ያወጣነው፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከእጇ ወርዶ አያውቅም። የወርቅ ቤቱ ልጅ ሚዛን ላይ ሲያደርጋቸው እማዬ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። 28,000 ብር አወጡ።

ስለዚህ ግራው ላይ ከደላላው ሥር «ማስለቀቂያ» የሚል መስመር ጨምሩ። «ምናልባት» ብላችሁ አትዝለሉት። በዚህ መስመር የሄዱ የሰፈራችሁን ልጆች ቤተሰብ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስንት ጊዜ እንደተደወለላቸው፣ ስንት እንደከፈሉ፣ ከየት እንዳመጡት። ሰው ያፍራል፣ ቶሎ አይናገርም። ቡና ላይ ቀስ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ይነግራችኋል። ከደላላ ወሬ ይልቅ የእነዚህ እናቶች ወሬ ይታመናል። «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ የበለጠ ጠንቀቅ በሉ። ዋጋው ያልተነገረ ዕቃ ነው። ዋጋውን የሚነግሯችሁ ልጁ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ማንም የማይጽፈው መስመር ይመጣል፦ የባከነው ጊዜ። ወንድሜ ከድሬ ወጥቶ ሥራ እስኪይዝ 5 ወር ፈጀ። ሥራ ላይ 22 ወር ቆየ። ከዚያ ተይዞ 4 ወር ታሰረ። በየካቲት 2013 ነው የተመለሰው። ሲደመር 31 ወር። በባጃጁ ከባለቤቱ ገቢና ከነዳጅ ተርፎት፣ የራሱንም በልቶ፣ ለቤት በወር 2,000 ብር ይሰጥ ነበር። በ31 ወር 62,000 ብር ይሆናል። ይህ ብር ከማንም ኪስ አልወጣም፣ ስለዚህ አይታይም። ግን ወጪ ነው።

አሁን ወደ ቀኝ እንሂድ። የሚገባውን ስትጽፉ «ደሞዙ ስንት ነው» ብላችሁ አትጠይቁ። «ቤት የሚደርሰው ስንት ነው» በሉ። ወንድሜ ሳዑዲ ውስጥ፣ ለየመን ድንበር ቅርብ በሆነው ጂዛን አካባቢ ፍየል ጠባቂ ሆኖ ጀመረ። በኋላ ጅዳ ገብቶ 1,300 ሪያል አገኘ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለው ቤት የሚያከራየው ሰው በድብቅ ስለሚያከራይ ያስወድድበታል። ባንክ መግባት ስለማይችል ብሩን በሰው በሰው ነው የሚልከው። ታሞ ሐኪም ቤት ለመሄድ ይፈራል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ እኛ ጋ የሚደርሰው በአማካይ 7,000 ብር ነበር። የላከው ለ19 ወር ነው። 133,000 ብር።

ሥራ ላይ 22 ወር ቆየ ብዬ 19 ያልኩት ለምን ይመስላችኋል? የመጨረሻውን 3 ወር አሠሪው አልከፈለውም። «ነገ፣ ነገ» ሲለው ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ማን እንደጠራ እስከዛሬ አናውቅም። ወረቀት ያለው ሠራተኛ ቢያንስ የሚከስበት ቦታ አለው። ወንድሜ ክስ ለማቅረብ መጀመሪያ ራሱን ማጋለጥ ነበረበት። 3,900 ሪያል ቀረ። ሪያሉን ዝቅ አድርጌ በ9 ብር ባስበው 35,100 ብር ነው።

እንግዲህ ደምሩት። የገባው 133,000። ለደላላና ለማስለቀቂያ የወጣው 60,000። ቀሪው 73,000። ከዚህ ላይ ባጃጅ ላይ ቢቆይ ለቤት ይሰጥ የነበረውን 62,000 ቀንሱ። 11,000 ብር ይቀራል። ለ31 ወር ሲካፈል በወር 355 ብር ገደማ ነው። ያልተከፈለው ደሞዙ ብቻውን የዚያ 11,000 ሦስት እጥፍ ነው። መጀመሪያ ስሠራው የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ ደመርኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ የ3 ወር ደሞዝ ጠፍቶ አልቀረም። አሠሪው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። «ያለ ወረቀት የሚሄድ ሰው ማንን ይጠቅማል?» ብላችሁ ስትጠይቁ ይህንንም ቁጠሩ። የእርሻው ባለቤት፣ የፍየሉ ባለቤት፣ የሕንፃው ኮንትራክተር ርካሽ ጉልበት ያገኛሉ። ለቪዛ አይከፍሉ፣ ለኢቃማ አይከፍሉ፣ ኢንሹራንስ የለ። አገሩ ደግሞ ለድንበር ጠባቂው፣ ለእስር ቤቱ፣ ለመመለሻው አውሮፕላን ይከፍላል። ጥቅሙ ለጥቂት ሰው፣ ወጪው ለመንግሥት። ትልቁ ዕዳ ግን እዚህ፣ እናት እጅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሒሳቡ የአንድ ቤት ብቻም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ የምሕረት ጊዜውን ጨርሳ ወረቀት የሌላቸውን ስትመልስ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እኔ ያንን ያየሁት በመደብሩ የዱቤ መዝገብ ላይ ነው። የየመንደሩ ሱቆች ከእኛ ዱቄትና ዘይት በዱቤ ይወስዱ ነበር። የእነሱ ደንበኞች ደግሞ ሀዋላ ሲመጣ የሚከፍሉ እናቶች ናቸው። ሀዋላው በአንድ ጊዜ ቆመ። ሱቁ እኛን መክፈል አቃተው። በየወሩ መጨረሻ የሚዘጋ ሒሳብ ለወራት ክፍት ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ቤተሰቡ ገና ባልመጣ ብር ዱቤ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ልጁ «ደርሻለሁ» ስላለ ቤት ማደስ አትጀምሩ። መጀመሪያ የተበደራችሁትን መልሱ። ከዚያ የሦስት ወር ቀለብ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ሥሩ።

የብሩን ነገር በተመለከተ ደግሞ ዘንድሮ የሚመጡ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይሉኛል። «እትዬ፣ አሁን እኮ ሪያል ሌላ ነው!» ልክ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በባንክ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ዶላር ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ያው 1,000 ሪያል በብር ሲቆጠር በጣም በዝቷል። ግን ደላላውም ይህን ያውቃል። የመን ያለው አጋችም ያውቃል። ዘይቱም፣ ሲሚንቶውም አውቋል። ለዚህ ሒሳቡን ከላይ እስከ ታች በሪያል ሥሩት። ወጪውንም ገቢውንም። የስንት ወር ደሞዝ ለደላላ፣ የስንት ወር ለማስለቀቂያ እንደሚሄድ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። የብሩ ብዛት ዓይን ያጭበረብራል።

ከዚህ ቀጥሎ ሌላ ገጽ ክፈቱና በኮንትራት ቢሄድስ ብላችሁ ሥሩ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ ለመሆኑ ማስረጃ የመሳሰለውን ነው። ዕድሜው 18 መሙላት አለበት። «የቪዛ ክፈይ» ወይም «የትኬት አምጪ» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ሕጉ የእናንተ ያላደረገውን ወጪ እያስከፈላችሁ ነው። ኮንትራትም ችግር የለውም ማለት አይደለም። ደሞዝ የሚከለክል፣ ፓስፖርት የሚቀማ አሠሪ እዚያም አለ። ደግሞ አብዛኛው ሥራ የቤት ሠራተኝነት ስለሆነ ለወንዶች በሩ ጠባብ ነው። ይህ እውነት ነው፣ ልጆቹን ስሰማቸው ያሳዝነኛል። ቢሆንም ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንደኛው ላይ «ማስለቀቂያ» የሚል መስመር የለም።

ሦስተኛ ገጽ አለ። ለባህሩ የታሰበው ብር እዚሁ ቢውልስ? የቤቱ ሰው ተሰብስቦ ልጁ ፊት ይሥራው። 15,000ው፣ አምባሩ፣ ዕቁቡ። ወንድሜ ከተመለሰ በኋላ አንድ ማታ እማዬ ደብተሩን አየችና «በዚያ ብር እኮ ከሰው ጋር ተጋርተን ባጃጅ እንገዛ ነበር» አለች። አልመለሰላትም። ለማስለቀቂያ ሲሆን ዘመድ ሁሉ ያወጣል፤ ለባጃጅ ግን ማንም አያበድርም። ይህ ነገር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዘመዶቻችሁን አሁኑኑ ጠይቁ። «ልጁ ቢታገት ስንት ታዋጣላችሁ? ያንን ዛሬ ብታበድሩትስ?» በሏቸው። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ያስባል። በዚህ ጥያቄ ብቻ ታይዋን ገበያ የስልክ ዕቃ መሸጥ የጀመረ አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ።

ግራው ላይ አንድ መስመር ባዶ ተዉ። ባሕሩ አለ። የየመን ጦርነት አለ። በነሐሴ 2015 ሂውማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች እንደገደሉ ተጽፏል። ለዚህ የምጽፈው ቁጥር የለኝም። ባዶ መስመሩን ግን እናትም ልጅም እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ስንደርስ ጣቴን አስቀምጥበታለሁ፣ ከዚያ ወደ ድምሩ እናልፋለን።

ልጁ ይህን ሁሉ አይቶ አሁንም «እሄዳለሁ» ካለ፣ ያም ይሆናል። ያኔ ገጹን በስልኩ ያንሳ። ደብተሩ እናቱ ጋ ይቆይ። የአሠሪውን ስም፣ የሚሠራበትን ከተማ፣ ደሞዙን፣ የተቀበለበትን ቀን በየወሩ በድምፅ መልእክት ይንገራት፤ እሷ ትጻፈው። ደሞዙን አሠሪው ጋ አያስቀምጥ፣ ሳይከፈለው አንድ ወር ካለፈ ሥራ ይቀይር። ወንድሜ ይህን የነገረኝ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። ሦስቱንም ገጽ ሠራን። ባዶው መስመር ላይ ስንደርስ እናቱ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ስሙን ጻፈችበት። ልጁ ደብተሩን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገ። «ነገ እመጣለሁ እትዬ፣ የባጃጁን ገጽ እንደገና እንየው» ብሎኝ ሄደ።