በወረርሽኝ ጊዜ ዋጋ ሲቆለልባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የተወደደው ጭምብል ብቻ አልነበረም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርትም ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ወረርሽኝ ዳግም ቢመጣ እኛ የሐዋሳ ሸማቾች ዝም ብለን እንዳንበዘበዝ እንዲህ ብናደርግ ይሻላል።

መጀመሪያ ዕቃው የግድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቡ። ሳኒታይዘር ቢጠፋ ለእጅ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን አያድኑም። የሚያስፈልጋችሁንም ቢሆን ለቤተሰብ የሚበቃውን ያህል ግዙ እንጂ በካርቶን አትሸከሙ።

ከዚያ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ዞራችሁ ዋጋ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። ዋጋ ስለተከራከራችሁ ብቻ ግዙ ብሎ ሊያስገድዳችሁም አይችልም።

ዋናው ነገር ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስላችኋለሁ» ሲባል ብዙዎቻችን እንሸነፋለን። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ፤ ማስረጃ የሌለው አቤቱታ የትም አይደርስም። ወረቀቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ አንብቡት። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የዕቃው ስምና የከፈላችሁት ብር አለ? አንድ ፓኮ ጓንት ገዝታችሁ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ከተጻፈ ይስተካከልልኝ በሉ። የቴሌብር መልእክት ገንዘቡ ለማን እንደሄደ ያሳያል እንጂ ምን እንደገዛችሁ አይናገርም። የማሽን ደረሰኝ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ወዲያው ፎቶ አንሱት።

ደረሰኝ አልሰጥም ካለ አትጣሉ። የሱቁን ስም፣ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና የጠራላችሁን ዋጋ ጻፉ።

ቀጥሎ የክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ማመልከቻው ላይ «ተወደደብን» ማለት አይበቃም። ያው ዕቃ በፊት ስንት ይሸጥ እንደነበር ጻፉ፤ የድሮ ደረሰኝ ካለ አያይዙ። ቸርቻሪው ራሱ ከጅምላ አከፋፋዩ በውድ ገዝቶ ሊሆን ስለሚችል ሌባ ብላችሁ አትጻፉ። ያንን ተቆጣጣሪዎች የግዢ ደረሰኙን ጠይቀው ይለዩት።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። መልስ ከዘገየ እሱን ይዛችሁ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ውጡ።