ቪምን በአማርኛ ቪዲዮ ማስተማር፦ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ለጀማሪዎች የቪም (በኪቦርድ ትእዛዝ የሚሠራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ትምህርት መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሲታዩ የሚያወሩት ስለ ቪም ከባድነት ይመስላል፤ አንድ በአንድ ሲፈተሹ ግን አብዛኞቹ ከእኔው አቀራረብ የመጡ ናቸው። ተመልካቹ ጣቶቼን አያይም፤ ያለው ስክሪኑና ድምፄ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ቪዲዮ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት በተደጋጋሚ የገጠሙኝን ችግሮች ከነምክንያታቸው እዚህ አስፍሬያለሁ።

«ገባሁ፣ መውጣት ግን አልቻልኩም»

ምልክቱን የማያውቀው የለም። ተማሪው ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ላይ ኮሚት ሲያደርግ (ለውጡን ሲመዘግብ) ያላሰበው የቪም ገጽ ይከፈትበታል፤ ሊጽፍ ሲሞክር ከርሰሩ ይዘላል፣ አንዳንዱ መስመር ይጠፋል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ መስኮቱን ይዘጋዋል። ይህ የእኛ ተማሪዎች ድክመት እንዳይመስለን፤ የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ በሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ከቪም እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቀው ጥያቄ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር።

ምክንያቱ ቪም ሲከፈት በመጻፊያ ሁኔታ ላይ አለመሆኑ ነው። ፊደሎቹ ያን ጊዜ ትእዛዝ እንጂ ጽሑፍ አይደሉም፤ ይህን ሳያውቁ መተየብ ማርሽ ሳያስገቡ ነዳጅ እንደመስጠት ነው። መፍትሔው የመጀመሪያው ቪዲዮ የመጀመሪያ ደቂቃ ስለ መውጣት እንዲሆን ማድረግ ነው፦ ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ኮለን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ሳይፈራ ይነካካል።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላም ግን ቅሬታው አልቆመም ነበር። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ አንዲት ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ ቪዲዮዬን በስልኳ ስትከታተል አየሁ። ግራ ስትጋባ ቪዲዮውን ቆም አደረገችና «መምህር፣ አሁን መጻፊያው ላይ ነዎት ወይስ አይደሉም?» አለችኝ። መልሱ በስክሪኑ ግርጌ በግራ በኩል ተጽፏል ልላት ስል ጽሑፉ የለም፤ ቪዲዮው ሲቆም የሚወጣው የማጫወቻው መስመር ልክ እሱን ሸፍኖታል። እሷ ማየት በፈለገችበት ቅጽበት ሁሉ የሚደበቀው ያው አንድ መስመር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተርሚናሉን (ቪም የሚሠራበትን የትእዛዝ መተየቢያ) መስኮት ከምስሉ ግርጌ ከፍ አድርጌ እቀርጻለሁ፤ የራሴን ፊት የሚያሳየውን ትንሽ ምስልም ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ አዛውሬዋለሁ።

«ቃሉን ሰርዝ ሲሉኝ መስመሩ በሙሉ ጠፋ»

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው። ተመልካቹ አንድ ቃል ለመሰረዝ ሞክሮ ከርሰሩ ወደሚቀጥለው ቃል ይዘልበታል፤ ሲደግመው ሙሉ መስመር ይጠፋል። ትእዛዙ ዲ ደብሊው ነው፤ ዲ መሰረዝን፣ ደብሊው ቃልን ያመለክታል። እኔ ግን በቪዲዮው ላይ የምናገረው እንደማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ነበር፦ «ቃሉን እንሰርዛለን»። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ቪም ያስቀድመዋል። ስለዚህ ጆሮውን የሚከተል ተማሪ መጀመሪያ ደብሊውን ይጫናል፣ ከርሰሩም ይዘላል፤ ቀጥሎ ዲን ሲጫን ቪም «ምኑን ልሰርዝ?» ብሎ በዝምታ ይጠብቃል፤ ተማሪው ያልሠራ መስሎት ዲን ሲደግም ደግሞ ዲ ዲ መስመሩን በሙሉ ይሰርዛል። ፕሮግራሙም ተማሪውም አልተሳሳቱም።

እንግሊዝኛውን አማርኛ ውስጥ እየደነቀሩ ማስተማር አንድ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አልመርጠውም። የተሻለው ትእዛዙን በጥያቄ መክፈል ነው፦ «ሰርዝ፤ ምኑን? ቃሉን።» ቁጥር ሲጨመር «ሰርዝ፤ ስንት? 3 ቃል።» ጥያቄው ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ያ ዝምታ ቪም ራሱ የሚጠብቅበትን ቅጽበት በትክክል ያሳያል። ይህ ሥርዓት ከገባ በኋላ ሲ፣ አይ፣ ደብሊውን «ለውጥ፤ ምኑን? ከርሰሩ ያረፈበትን ቃል» ብሎ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ስህተት ቢፈጠር ዩ የተሰረዘውን እንደሚመልስ በዚያው ቪዲዮ ላይ ማሳየት ግዴታ ነው።

«ያሉኝን ተጫንኩ፣ ሌላ ነገር ሆነ»

በድምፅ ብቻ «ኢ» ሲባል የ«አይ»ን ቁልፍ የሚጫን ብዙ ነው፤ ጂና ጄም እንዲሁ ይምታታሉ። በዚህ ላይ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው አስተማሪው ካፒታሉን ለይቶ መጥራት ይረሳዋል። ትንሹ ጄ ከርሰሩን አንድ መስመር ወደ ታች ሲያወርድ ካፒታሉ ጄ የታችኛውን መስመር ከላይኛው ጋር ያጣብቀዋል፤ ካፕስ ሎክ በርቶበት ወደ ታች ሊወርድ የሞከረ ሰው የሚያየውን ትርምስ መገመት ይቻላል። የሚጫኑትን ቁልፎች ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ እንደ ስክሪንኪ ያለ ፕሮግራም መጠቀም ችግሩን ያቃልለዋል፤ ካፒታል የሆነውን ሁልጊዜ «ካፒታል» እያሉ መጥራት ደግሞ ይጨርሰዋል።

የአማርኛ ኪቦርድ

ተማሪው ኢስኬፕ ይጫናል፣ ኮለን ይጫናል፣ ከታች ምንም አይወጣም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ኮለን ሳይሆን ሁለት ነጥባችን «፡» ነው፤ በዓይን ሊለዩ የማይችሉ ያህል ቢቀራረቡም ለቪም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለተኛውንም እንደ ትእዛዝ አያውቀውም። ሌሎቹ ፊደሎችም እንዲሁ። በአማርኛ ጽፈው ሲጨርሱ አስቀድመው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አብረው ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል። ተርሚናል እያንዳንዱን ፊደል በእኩል ሣጥን ስለሚያስቀምጥና ሰፋፊዎቹ የግእዝ ፊደላት ከሣጥኑ ስለሚተርፉ፣ የአማርኛ ምሳሌ ቪዲዮ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ስለዚህ የልምምድ ጽሑፉን በላቲን ፊደል አዘጋጅቼ ማብራሪያውን ብቻ በአማርኛ እሰጣለሁ።

«ጽሑፉ አይነበብም»

ዳታ የሚቆጥብ ተመልካች ቪዲዮውን በ360 ፒ ይከፍተዋል፤ ይህም 640 በ360 ነጥብ ማለት ነው። የተለመደው ተርሚናል 80 ፊደል በወርድ፣ 24 መስመር በቁመት ስላለው ሙሉውን ምስል ቢሞላ እንኳ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 8 በ15 ነጥብ ብቻ ነው፤ ጥራቱ ወደ 144 ፒ ሲወርድ ወርዱ ከ3 ነጥብ እምብዛም አይበልጥም። በዚህ መጠን ኮለንና ሴሚኮለን አይለዩም። ፊደሉን አሳድጎ ተርሚናሉን ወደ 40 በ12 ማውረድ ድርሻውን በሁለቱም አቅጣጫ እጥፍ ያደርገዋል። ኮዱ ስክሪኑ ላይ አይበቃም የሚል አስተማሪ ካለ ምሳሌው ረዝሟል ማለት ነው፤ ያሳጥረው።

መብራት ሲሄድ

መብራት ከተመለሰ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል፣ ፋይሉ የተበላሸም ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒ ነው፦ ቪም 200 ፊደል በተተየበ ቁጥር ወይም ለ4 ሰከንድ ምንም ሳይተየብ ሲቀር ሥራውን ስዋፕ በሚባል ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ማስጠንቀቂያው ያንን ፋይል ማግኘቱን ይናገራል። አር ተጭኖ ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ መውጣት፤ እንደገና ሲከፈትም ዲ ተጭኖ ስዋፑን ማጥፋት በቂ ነው። እኔ ይህን ትምህርት የቀረጽኩት ተርሚናሉን ሆን ብዬ በመግደል ነው፤ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ባያስቸግርም የቀረጻው ኮምፒውተርም አብሮ ይጠፋል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

በሊኑክስ ተርሚናል ላይ ለማስቀመጥ ኮንትሮል ኤስ የተጫነ ተማሪ ስክሪኑ ይደርቅበታል፤ ኮንትሮል ኪው ይለቀዋል። የእኔ ስክሪን ከእነሱ የተለየ ቀለምና ባሕርይ የነበረው ለዓመታት ያጠራቀምኩት ማስተካከያ ስለነበረ ነው፤ አሁን በሁለት ሰረዝና ክሊን በሚል ቃል ባዶውን ቪም ከፍቼ እቀርጻለሁ። ኢስኬፕ ለምን ራቀ ለሚሉት ደግሞ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፦ የቪም አባት የሆነው ቪአይ በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በቢል ጆይ ሲጀመር ይሠራበት የነበረው ኤዲኤም 3ኤ ተርሚናል (ያኔ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ ነበር) ኢስኬፑን ያስቀመጠው ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ ነበር፤ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ላይም ቀስቶች ታትመውበት ነበር።

ኮምፒውተር የሌላቸው ተማሪዎች አንድሮይድ ስልካቸው ላይ ተርመክስ የተባለውን የተርሚናል መተግበሪያ ጭነው መለማመድ ይችላሉ፤ ከኪቦርዱ በላይ ኢስኬፕ ያለበት ተጨማሪ የቁልፍ ረድፍ አለው። የቁልፍ ኳኳታ ድምፄን ይሸፍናል ላሉኝ ከኪቦርዱ ሥር አራት እጥፍ የታጠፈ ጋቢ አንጥፌያለሁ፤ ማይክሮፎኑንም ከጠረጴዛው አንስቼ ለብቻው አቁሜዋለሁ።