ከፀጉር ቤት መልስ የሚሻክር ፀጉር፦ ችግርና መፍትሄ

ከፀጉር ቤት ስትወጪ ያበራል። አንዴ ሲታጠብ ግን ይሻክራል፣ ይተበተባል። ብዙዎቻችን ወዲያው ቅባት እንጨምራለን። ቅባት ግን ሁልጊዜ መልስ አይደለም። መጀመሪያ መለየት ያለበት የፀጉሩ ገጽ ተገፏል ወይስ ነገር ተደራርቦበታል የሚለው ነው። መፍትሄያቸው ተቃራኒ ነው።

አንዲት ዘለላ በሁለት ጣት ይዘሽ ከሥር ወደ ጫፍ ሳቢያት፤ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር። ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት በተነባበሩ ስስ ሽፋኖች የተሸፈነ ነው። የቅርፊቶቹ አፍ ወደ ጫፍ ስለሚያይ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ቢለሰልስና ወደ ሥር ሲመለስ ሻከር ቢል ጤና ነው። በሁለቱም በኩል ከሻከረ ተገፏል። ሰም የተቀባ ዓይነት ከሆነብሽ ተደራርቦበታል።

ብሊች ከተደረገ በኋላ፣ ሲረጥብ የሚቋጠር

ጤነኛ ፀጉር ላይ ላዩን 18-ኤምኢኤ የሚባል በጣም ስስ የተፈጥሮ ቅባት አለው። ውሃን የሚገፋው፣ ፀጉርን ከፀጉር የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ብሊች ውስጥ ያለው ቀለም ማንጫ፣ ፐርኦክሳይድ፣ ይህን ይነቅለዋል። ከዚያ በኋላ ፀጉሩ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። የተጎዳው ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይበዛበታል። ጥሩ ኮንዲሽነር ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ነገሮች አሉት፤ ጀርባው ላይ ቤሄንትሪሞኒየም ወይም ሴትሪሞኒየም የሚል ፈልጊ። እነዚህ በብዛት የሚጣበቁት በተጎዳው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በታጠብሽ ቁጥር ተቀቢ፤ ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ፍቺው። የተነቀለው ቅባት ግን ተመልሶ አይመጣም። "ፀጉርሽን እንደ ድሮው እናደርገዋለን" የሚልሽን አትመኚ። አዲሱ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ እሱን ጠብቂ።

የሚከብድ፣ የፈዘዘ፣ ቅባት የማይቀበል

ሲሊኮን (ሴረም ውስጥ ያለው የሚያንሸራትትና የሚያበራ ነገር)፣ ቫዝሊን ወይም ቅቤ በደንብ ሳይለቅ ሌላ ተደርቦበታል። ቅቤ በራሱ ጥፋት የለበትም። ሰልፌት (ቅባትን በደንብ የሚያጥብ አረፋማ ነገር) ባለው ሻምፖ አንዴ በደንብ አጥቢው፣ ከዚያ ኮንዲሽነር።

ሂውማን ሄር ሲገዛ ሐር፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭራሮ

ሂውማን ሄር ከሰው ተቆርጦ የሚሸጥ ፀጉር ነው፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ ከተለያየ ሰው የተለቀመ ነው። ሥሩና ጫፉ ስለሚቀላቀል ቅርፊቶቹ በተቃራኒ ይገጥሙና ይያያዛሉ። ይህን ለማጥፋት ፋብሪካው ቅርፊቱን በአሲድ ይልጠዋል፣ ከዚያ በሲሊኮን ይለብጠዋል። ያየሽው ውበት ልባጩ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ይሄዳል። የሲሊኮን ሴረም ለጊዜው ይመልሰዋል፣ አያድነውም። የሚያዋጣው ቅርፊቱ ያልተላጠና በአንድ አቅጣጫ የተደረደረውን መግዛት ነው።

ሪላክሰር ከተሠራ በኋላ መሃል ላይ የሚሰበር

ቀድሞ የተሠራው ላይ ተደግሟል ማለት ነው። ሪላክሰር፣ ፀጉር የሚያቀናው ኬሚካል፣ የሚቀባው አዲስ ለበቀለው ብቻ ነው። ሠሪዋ እስከ ጫፍ ልትጎትተው ስትል አስቁሚያት። ጭንቅላትሽን ካቃጠለሽም ታግሰሽ አትቀመጪ፤ ወዲያው ይታጠብልሽ።

ፔስትራው ሲነካው "ጭስ" የሚል

ፀጉሩ አልደረቀም። ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና በዘለላው ውስጥ አረፋ ይሠራል። እዚያ ቦታ ላይ ይቀነጠሳል። አረፋ የሠራውን የሚጠግን ትሪትመንት የለም፤ ይቆረጥ። ለቀጣዩ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ አይለፍ፣ አንዱን ቦታ ደጋግመሽ አትተኩሺው።