የናይቲንጌልን ዜማ ከቦርከና ወንዝ ዳር ጥሻ በስልክ እንዴት መቅረጽ ይቻላል?

ናይቲንጌል በአውሮፓና በእስያ የሚራባ፣ ክረምታቸው ሲቃረብ ወደ አፍሪካ የሚወርድ ወፍ ነው። በፋርስ ግጥም ከጽጌረዳ ጋር ስሙ ተጣምሮ የኖረው በዜማው ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በአገራችን የሚያልፉም የሚከርሙም አሉ። መልኩ ቡናማ፣ ጅራቱ ቀላ ያለ ነው፤ ከጥሻ ስለማይወጣ በጆሮ መፈለጉ ይቀላል።

ቦታ፦ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ይሻላል፤ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል። በቦርከና ዳርና ወደ ሐርቡ በሚወርደው በኩል ጥቅጥቅ ያለ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ይፈልጉ። ከአስፋልቱ ራቅ ይበሉ፤ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ከቀረጻ ላይ በቀላሉ አይወጣም።

ሰዓት፦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል። የአዛኑና የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ጋብ ሲል፣ ነፋስ ሳይነሳ ይቅረጹ። የሚንሿሿ ጃኬት ለብሰው አይሂዱ፤ ጋቢ ድምፅ የለውም።

ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ ያድርጉት። የመቅረጫውን ፎርማት ዋቭ (WAV፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ)፣ 48 ኪሎኸርዝ ይምረጡ፤ ጫጫታ መቀነሻውን ያጥፉ። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መቀነሻው የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ ቀጭኑን ፉጨት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። በመቅረጫው የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በ12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ዝቅ ይበል፤ ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል።

የስልኩ ማይክ ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ነው፤ ያን ጫፍ ወደ ወፉ አዙረው በስስ ስፖንጅ ይሸፍኑት። ጣት ሲንቀሳቀስ ስለሚሰማ ስልኩን በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ላይ ይሰሩት። ርቀትን በግማሽ መቀነስ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ መጠጋት ውድ ማይክ ከመግዛት ይበልጣል። ዝም ካለ ግን ቆመው ይጠብቁ። ቢያንስ 2 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይቅረጹ፤ በሐረጎቹ መካከል ያለው ዝምታም መለያው ነው።

ምን ይሰማል? እየጎላ የሚሄድ ተደጋጋሚ ፉጨት፣ ከዚያ ፈጣን ርግብግብታ፣ ከዚያ ዕረፍት። እዚህ ሲከርም ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለና የተቆራረጠ ነው፤ አንዳንዴ የእንቁራሪት የሚመስል «ክርር» ብቻ ይሰማል። በከተማ ጓሮ ሲመሽ የሚያዜመውን የሩፔል ሮቢን ቻት ናይቲንጌል ብለው እንዳይመዘግቡ። የእሱ ደረት ብርቱካናማ፣ ቅንድቡ ነጭ ሲሆን የሌሎች ወፎችን ድምፅም ይቀዳል። የወፍ ድምፅ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠውን ስም እንደ ጥቆማ ብቻ ይውሰዱት።

ወፉን ለማስወጣት ብለው የተቀዳ ዜማ በጭራሽ አያጫውቱ። ለመልስ ጉዞው ስብ ማጠራቀም ያለበት ወፍ ቀረጻውን ባላጋራ መስሎት ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

ሲጨርሱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ወፉን ማየትዎን ወይም አለማየትዎን እዚያው ቀረጻ ላይ ይናገሩ። በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን፤ የድምፅ መልእክት ጨምቆ ጥራቱን ያሳጣዋል።