ዕዳችንን ሳናሳድግ የደገስነው ሠርግ

ከእጮኛዬ ጋር የሠርጋችንን ወጪ ማስላት ስንጀምር፣ እኔ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰድኩት 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ይታሰብበት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአጎቱ ያለ ወለድ ተበድሯል። ዋናው ገንዘብ ካልቀነሰ ወለዱ ብቻ በዓመት 9,000 ብር ስለሚደርስ፣ አጎቱ እንዲታገሱን በአክብሮት ጠይቀን ከሁለታችንም ደመወዝ የሚተርፈውን ሁሉ ወደ ማኅበሩ ብድር አዞርን። የእቁባችን ዳኛም አባላቱን አስፈቅደው ዕጣውን ስላስቀደሙልኝ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ዘጋሁ። እርግጥ ቀድሞ የተወሰደ እቁብም ዕዳ ነው፤ ነገር ግን ወለድ የለበትም።

ከሠርጉ ወጪ ብዙውን የቀነሰልን ቀኑን መለወጣችን ነው። በጥር የሠርግ ወቅት አዳራሹም፣ ቪዲዮ አንሺውም፣ የቬሎ አከራዩም ዋጋ ይጨምራሉ፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ሠርግ ስለማይደረግ ግንቦትን መረጥን። አዳራሹን ትተን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የድግስ ዕቃውን ከወላጆቼ ዕድር በአባል ዋጋ ተከራየን፤ ጠላውን እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ጠመቀችው። መልሱን ከሠርጉ ጋር በአንድ ቀን ማጠቃለሉ ግን ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ ከባድ ነበር፤ እናቴን ያግባቡልን ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ከሠርገኞቹ የተሰጠንን ገንዘብ ለአጎቱ ስለከፈልን፣ አሁን የቀረብን ወርኃዊው የእቁብ መዋጮ ብቻ ነው።